እሳቱን አጥፍተው ምድጃችንን ለለኩልን

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ከቢሮዎ ጀርባ ቀን ከሌት ለሚያጓራው ጄነሬተርዎ ደህንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በመቀጠልም ለመላው ሕዝብ ይህን ታላቅ ዜና አበስራለሁ፤ ትናንት ከምሳ በኋላ መብራት መጥቶ ድመታችን በድንጋጤ ከሶፋ ወደቀች። ድመቷ ሳትነሳ መብራቱ ሄደ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ አስም አለባት። መድኃኒቷን የምትስበው ፈሳሹን ወደ ጉም በሚቀይር ትንሽ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። ስለዚህ መሐንዲሷ ልጄና እኔ ጓሮ ውስጥ አንድ ምድጃ ሠራን። በአንድ ጎኑ እሳት፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ፣ በመካከላቸው ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ስስ ሰሌዳዎች አሉ። አንዱ ጎን ሲግል ሌላው ከቀዘቀዘ ባትሪ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ያተረፍነው የተቃጠለ ቅንድቤን ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ባትሪው ሞላ፣ ማሽኑ ሠራ፣ ቁጭ ብላ ታድር የነበረችው ሴትዮዬም ጋደም ብላ መተኛት ጀመረች።

፪. ባለሙያዎችዎን ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። እጅግ ጥንቁቆች ናቸው። ለደህንነት ሲባል መጀመሪያ እሳቱን በባልዲ ውሃ አጠፉ፤ ከዚያም እስኪበርድ ጠብቀው ለኩትና ምንም ኤሌክትሪክ እንደማያመነጭ አረጋገጡ። ልጄ ኧረ በፈጣሪ እሳቱን አንድዳችሁ ለኩት ብትላቸው፣ አለቃቸው እህቴ ሥራችንን አታስተምሪን አላት። እኔም በበኩሌ፣ ስሞት መጥታችሁ የልብ ምቴን ለኩልኝ ብዬ ቀለድኩ፤ የሳቀ የለም።

፫. ምንም እንደማያመነጭ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያለ ፈቃድ ኤሌክትሪክ አመንጭቷል ተብሎ በመኪና ተጭኖ ተወሰደ። ሁለቱንም በአንድ ፊርማ ማጽደቅዎ አስደንቆኛል።

፬. ባትሪው ውስጥ የቀረው ማሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ ለማሠራት የሚበቃ ነው። ባለቤቴ ይህን ስጽፍ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ሲያፏጭ ከሳሎን ይሰማኛል። ቀልዴም አለቀብኝ ጌታዬ። እባክዎ ምድጃውን ይመልሱልን። ጥፋት ካለ እኔን ጭነው ይውሰዱኝ፤ ከምድጃው እቀላለሁ።

ለእርስዎ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤም በዚያው አልቃና ብሎኝ፣ ከባለቤቴ የከበረ ሰላምታ ጋር፣

ቅንድብ የለሹ ሽማግሌ

ተጨማሪ፦ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከራሴ የፈጠርኩት የባለቤቴን ሰላምታ ብቻ ነው። እሷ ትንፋሽ እየቆጠበች ስለሆነ ለእርስዎ የሚተርፍ የላትም።