ከሥር የሚታይ ክንፍ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፌም ምግቤም አልተጓደለም።

ወንድምሽ የቢራቢሮ መጽሐፍ ገዝቶልኝ ነበር። ወረቀቱ ያምራል፤ ነገር ግን ቢራቢሮዎቹ ሁሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ከላይ ፎቶ የተነሡ ናቸው። እኔ የማያቸው በመስኮቱ መስታወት ላይ ከውጭ በኩል ሲያርፉ ስለሆነ፣ የሚታየኝ ሆዳቸውና የክንፋቸው የታችኛው ገጽ ብቻ ነው። ይህን ስነግረው፣ "አባባ ደግሞ! ቢራቢሮን እንደ ተማሪ ሊፈትኑት ነው?" ብሎ ሳቀ።

"እንግዲያው ግቢ ወርጄ ከላይ ልያቸው" ስለው፣ "አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶብዎት ስንቱን አስጨነቁ እኮ! ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይ፤ ቅዳሜ አብረን እንወርዳለን" አለኝ። አራት ቅዳሜ አልፏል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሥራ ይበዛበታል።

ስለዚህ የምትልኪልኝን መጽሐፍ ስትመርጪ የክንፉን ሁለቱንም ገጽ የሚያሳይ ይሁን። በእጅ የተሣለ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፎቶግራፍ ላይ ጥላ ያጠላል፣ ጥሩ ሠዓሊ ግን እያንዳንዷን ነጥብ ቆጥሮ ያስቀምጣል። ጠንካራ ሽፋን ያለውን ተዪው። ፖስተኛው የሚመጣው ጠዋት፣ ሁሉም ሥራ ከሄዱ በኋላ ነው። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካሁት፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ የቀጠነ መጽሐፍ ያልፋል።

ለባለቤትሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አንቺም የምትመጪ ከሆነ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ቀድመሽ ከደረስሽ ደጋግመሽ አታንኳኪ፤ ከበሩ ወዲህ ቆሜ እየሰማሁሽ ነው።

አባትሽ