አዲሱ ሽንት ቤት አንጠባጠበ ብዬ ቤቴን አልለቅም

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ በወጣህበት ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ያው እንደምታውቀው ነው።

አዲሱ ሽንት ቤት በተተከለ ማግስት ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ፣ "እማማ፣ ሸክላው ከቅዝቃዜ አልቦት ነው፤ ይደርቃል" ብሎኝ ሄደ። አጎትህ ደግሞ እርጥቡን ወለል አይቶ፣ "እታለም፣ አዳልጦሽ ሳትሰበሪ ቤቱን አከራዪና እኛ ጋ ግቢ" አለኝ።

"በጠብታ ውሃ ከቤቴ የምወጣ መሰለህ?" አልኩት።

እሱ ሲሄድ ወለሉን ወልውዬ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ካለው ውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ባሉት ብሎኖች ላይ ደረቅ ሶፍት ጠመጠምኩ። የግራው ብቻ ራሰ። ውሃውን ዘግቼ ብሎኑን ብፈታው ውሃ የሚይዘው ጎማ ተጣሞ ገብቷል። አቃንቼ መለስኩትና ሸክላው እንዳይሰነጠቅ በፒንሳ ቀስ አድርጌ አጠበቅኩት።

አሁን ጠብታ የለም። አጎትህን ጠርቼ፣ "በእጅህ ዳብሰው" አልኩት። ዳበሰና፣ "ደረጃውስ፣ በዚህ ጉልበትሽ?" አለኝ። እንግዲህ በደረጃው ሊመጣብኝ ነው፤ ይምጣ።

አንተም የቤትህ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ አከራይህን አትፈር፣ ንገረው። አጎትህ ደውሎ "እናትህን አግባባልኝ" ካለህ ግን አደራ፣ እሺ እንዳትለው። እግዜር በሰላም ይመልስህ፤ ስትመጣ የራሴን በር ራሴ ልክፈትልህ።

እናትህ