የተጠረገው ቦይ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ዝናቡ ካባራ ሦስተኛ ሳምንት

ለልጄ፣ ሰፈሩ ሁሉ በስሙ ይምል ለነበረው መሐንዲስ፤

ሳልህ ተሻለህ ወይ? በስልክ ስትስል ሰምቼህ ነበር። መቼም ያንን ስስ ሹራብ ለብሰህ ነው የምትዞረው፤ ብነግርህም አትሰማ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይለምነኛል፣ ስወርድ ይሰድበኛል። ምላሴ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደምታውቀው ነው።

የላክኸው ፖስታ ዓርብ ደረሰኝ። ሁለት መስመር ናፍቆት፣ አንድ ተኩል ገጽ ምስክርነት። ከታች ስሜ ተጽፎ፣ የምፈርምበት ቦታ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦልኝ። እንዳይጠፋብኝ ነው? ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት የት እንደሚፈረም ታውቃለች፣ ልጄ። ሳያነቡ መፈረም እንደሌለም ታውቃለች። ስለዚህ አነበብኩት። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ፤ አንተ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል።

ከላይ ያለው ሜዳ፣ ኳስ ስትጫወቱበት የነበረው፣ አምስት ፎቅ ቆሞበታል። አጠገቡ ሌላ እየተቆፈረ ነው። አናጢው በር ላይ አውቶቡስ መቆም ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት የማላውቀው ሕዝብ ከአጥሬ ተደግፎ ይጠብቃል፣ ሰላምታም የለም። አናጢው አልጋና ቁም ሳጥን መሥራት ትቶ ቀኑን ሙሉ የሱቅ መደርደሪያ ይሠራል። በበጋው የሲሚንቶ መኪና ሲመላለስ ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ ሳላወርድ መልሼ አጥበው ነበር። ከተማው አደገ ይላሉ። እኔ ሲወፍር እንጂ ሲያድግ አላየሁትም።

ዘንድሮ የቦይ ቀን አልነበረም። ዝናብ ሊገባ ሲል ባለው እሑድ ሁሉም አካፋና ዶማውን ይዞ ሲወጣ ትዝ ይልሃል። እያንዳንዱ ቤት በአጥሩ ርዝመት ልክ ቦዩን ይጠርጋል፤ እኔ ዱላዬን ይዤ ከላይ እስከ ታች እየሄድኩ "ይቺን ጥግ ለማን ነው የተዋችኋት?" እላለሁ። አናጢው በየዓመቱ እጀታው የተሰበረ አካፋ ይዞ ይመጣል፣ አናጢ ሆኖ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የራሷን ጨርሳ የኛን ታጋምስ ነበር፤ አባትህ ከሞተ በኋላ ደግሞ የኛንም ሙሉውን። ከዚያ እጃችንን ታጥበን እሷ ደጃፍ ቁጭ ብለን ሰው እናማለን። የሷ ቤት ከሁላችንም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለቦዩ እንደሷ የሚጨነቅ አልነበረም፤ አንዲት ላስቲክ ገብታበት ካየች መቀሷን አስቀምጣ ትወጣለች።

አንተ የሠራኸው አዲሱ መንገድ ዝናብ ሊገባ ወር ሲቀረው አለቀ። ቦዩ ተሞላ፣ ገረጋንቲ ተደለደለበት፣ መዳመጫ መኪናው ሲመላለስበት ሰነበተ፣ አስፋልት ሆነ። ከበራችን ደፍ በጉልበት ቁመት ከፍ ብሏል። ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሽሃለሁ። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ የመንገዱን መሀል መሀል ነበር የምሄደው። አናጢው ብቻ አንድ ጠዋት አስፋልቱን በጫማው እየመታ "እትዬ፣ ውሃው በየት ሊሄድ ነው?" አለኝ። "መሐንዲሱ አስቦበታል፤ አንተ መደርደሪያህን ሥራ" አልኩት። ከሥሩ ቱቦ አስቀብረህ እንደሆነ ለራሴ ነግሬው ነበር። አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ምን እንደምትለኝ ፈርቼ ይሆናል።

ዝናቡ መጀመሪያ ላይ ረጋ ያለ ነበር። በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ገና ከምሳ ሳንነሳ አወረደው። ድሮ ሜዳው ይጠጣው የነበረው ውሃ ከፎቁ ጣሪያ፣ ከአዲሱ ግቢ ሲሚንቶ ላይ ተሰብስቦ መጣ። ቦዩ ወደነበረበት ነው የመጣው። ቦይ የለም። በአስፋልቱ ጠርዝ ዞሮ ዝቅ ወዳለው ሄደ፤ ዝቅ ያለው የማን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የአርባ ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታ፣ ቁልፉን ተክላ፣ አጣጥፋ ግድግዳው ሥር ደርድራ ነበር። ውሃው በበሩ ሲገባባት መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም፤ ልብሱን አልጋ ላይ ልታወጣ ተመለሰች። ግድግዳው ርሶ ነበርና ወደ ውስጥ ወደቀባት። እኔና አናጢው ስንደርስ እስከ ወገቧ ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ናት፤ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀሚስ እንዳትረጥብ በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። "ይቺን ያዢልኝ" አለችኝ መጀመሪያ። ቀሚሷን ተቀበልኳት፤ ከዚያ ነው መጮህ የጀመርኩት።

ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ በምርኩዝ ትሄዳለች ብሏል፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል ግን ከእንግዲህ አትረግጥም። አሁን ከተማው ጫፍ ልጇ ቤት ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ በመስኮት የሰው ጣሪያ ታያለች። መኪናዋ ዝጎ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ልጇ በር ስትከፍትልኝ ፊቷን አዙራ ነው የምትከፍተው።

አሁን ወደ ወረቀትህ ልምጣ። "ከቤቶቹ ፊት ለፊት የነበረው የነዋሪዎች የእግር መንገድ እንጂ የውሃ መውረጃ እንዳልነበረ፣ ለረጅም ዓመታት በአካባቢው የኖርኩ እንደመሆኔ አረጋግጣለሁ" ይላል። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ድሮ መዝገብ ቤት ቢመጣልኝ ማኅተም እመታበት ነበር። አንዲትም ነጥብ አልጎደለችውም። "የእግር መንገድ" የምትለዋን ቃል ስደርስባት ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩት፤ ቃሏ ከማን አፍ እንደወጣች አውቃለሁና።

በበጋው ለመንገዱ መሬት ከሚለኩት ቀያሾች ጋር እመጣለሁ ብለህ ስትደውልልኝ እንቅልፍ አጣሁ። አለቃህም አብሮህ ሊመጣ ነው። ልጄን ሊያዩት፣ የወጣበትን ቤት ሊያዩ፣ በሩ ላይ ደግሞ ያ ቦይ፤ ጠርሙሱ፣ አረንጓዴው ውሃ፣ ሽታው። አፈርኩ። ሰፈሩን ያለወቅቱ አስወጣሁት። ቦዩን አስጠረግኩ፣ ጎድጓዳውን በቀይ አሸዋ አስሞላሁ፣ ጠርዙን ድንጋይ አስደርድሬ ኖራ አስቀባሁ፣ የአበባ ጣሳዎቼን ግራና ቀኝ አቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ አሸዋውን በባልዲ እየደፋች ትስቅ ነበር። "ዝናብ ሲመጣ መልሰን ልንዝቀው ነው?" አለችኝ። "ለአንድ ቀን ነው፤ ልጄን እንዳታዋርጂብኝ" አልኳት። ላንተ ሲሆን እምቢ አትልም፤ ሌላ አርባ ባልዲ ደፋች።

ከዚያ ያ ወጣት ቀያሽ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ "ማዘር፣ ይሄ ምንድነው? የእግረኛ ነው?" አለኝ። አለቃህ ዘወር ብሎ አየኝ። "አዎ፣ የእግር መንገድ ነው" አልኩ። ቀያሹ ጻፈው።

አንተ ከኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርክ። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ እኔም አየሁህ። በስድስት ዓመትህ በዝናብ የገባህበት ቦይ ነው። ራሷ በሰፋችልህ ዩኒፎርም አንገትጌ ይዛ የጎተተችህ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሰፈሩ ትምህርት እስክትጨርስ "እንቁራሪቱ" ሲልህ የኖረው በዚያ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህ ቦይ ነው ለማለት ካንተ የቀረበ አልነበረም። አጎንብሰህ ጫማህን አራገፍክ። እኔ አላዋቂ አሮጊት ነኝ፤ ውሃ በየት እንደሚሄድ ተምሬ ዲግሪ አልያዝኩም። አንተን ያስተማርኩህ ግን እኔ ነኝ። ከዚያ አዲሱን ሱሪህን እንድታሳጥርልህ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተህ፣ ጉንጯን ስመህ፣ መኪናው ውስጥ ገባህ። ሱሪውን ሳትወስድ ሄድክ።

ትናንት የጎርፉን ነገር የሚያጣሩ ሰዎች ከማዘጋጃ ቤት መጡ፤ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና ሁለት ወንዶች። አናጢው ግቢ ሰው ሰበሰቡ። ወረቀትህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ብዕርም ነበረኝ። እጄን አወጣሁና "ቦይ ነበር፤ መንገድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። አናጢው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ሴትየዋ "ለምን እንደዚያ አሉ?" አለችኝ። "አፍሬ" አልኳት። ጻፈችው።

ከዚያ በአውቶቡስ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። ሦስቱን ፎቅ በዚህ ጉልበት ወጣሁ። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስላንተ ግን አልነገርኳትም። ሰምታኝ ስታበቃ "አሸዋውን የደፋሁት እኮ እኔ ነኝ፤ የሆነውን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?" አለች። ቀጥላ ምን አለችኝ መሰለህ? "እንቁራሪቱ ታሟል እንዴ? እግሬ ከተሰበረ አንድ ቀን አልደወለም።" ምን እላታለሁ? ያስለዋል አልኳት። ልጇን ጠርታ ከቁም ሳጥን አንድ ነገር አስወጣች። ሱሪህ ነው። ከጭቃው ውስጥ አውጥተው አጥበውታል፤ እሷ ደግሞ ተቀምጣ፣ እግሯን እንደሰቀለች፣ ተኩሳዋለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይዤው ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ፤ ለማንም ካላወራህ ለአንተ ልንገርህ ብዬ ነው።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር ቀርቷል። ያቺ ሴትዮ መዝገቧን ከመዝጋቷ በፊት "መንገድ ነው ሲሉ፣ ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው አጠገብዎ ነበር?" ብላ ጠይቃኛለች። ቦርሳዬን አንስቼ ልነሳ አልኩ። አየችኝና "እስከሚመጣው ሰኞ አስበውበት ይንገሩን" አለች። ወረቀትህን ሳልፈርም ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ፤ ክቡ ባዶ ነው።

እስከ ሰኞ ስድስት ቀን አለህ። መጥተህ፣ አናጢው ግቢ ቆመህ፣ እዚያ ነበርኩ በል። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፤ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነው ሦስት ወረቀት ጽፌ የቀደድኩት። ካልመጣህ ለሴትዮዋ "ማንም አልነበረም" እላታለሁ። እናት ነኝና እላለሁ፤ አንዴ የዋሸሁልህ ሁለተኛ አያቅተኝም። ከዚያ በኋላ ግን ስትደውል ስለ ጉልበቴ አትጠይቀኝ፤ ለኔም ማንም አልነበረም።

ከሳልህ ይማርህ። ፈጣሪ ደፍሮ የሚናገር አፍ ይስጥህ፤ እኔ ሳልሰጥህ የቀረሁት እሱን ነው።

እናትህ

ሱሪህን በፖስታ አልላክሁትም። በሩ ኋላ ሰቅዬዋለሁ፤ መጥተህ ለካው።