ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ተኛሁ። ማለቴ... ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። ቲቸር ግን ልዩነቱ አልታየውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሽፋን የለሹን ወሰድኩ። (ኤልሮኢ፣ ይህን ደብተር እንደ ልማድህ ሰርቀህ እያነበብክ ከሆነ፣ ታናሽ ወንድሜ ነህና ላስረዳህ። ሽፋን የለሹ ትምህርት ቤታችን ያለ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም ተገንጥለዋል። ርዕሱን የሚያውቅ የለም፣ ማን እንደጻፈውም። ሌላ ቦታ ሄደህ «ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አለ?» ብትል ያባርሩሃል። ሞክሬዋለሁ። አሁን ደብተሬን መልስ።)

በታሪኩ ውስጥ ወለላ የምትባል ልጅ እናቷ ስትሞትባት የተቆለፈ ሳጥን ይዛ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ትመጣለች። እናቷ «ራስሽን ሳትችዪ እንዳትከፍቺው» ብላታለች። ዛሬ ገጽ 143 ደረስኩ። ወለላ ሥራ አገኘች። ቁልፉን አወጣች። ከተተችው። አዞረችው...

ደወል።

የሚደውሉት የጥበቃው ጋሽ ጉታ ናቸው። ሌላ ቀን ረስተውን ያመሻሉ። ዛሬ በሰዓቱ።

መጽሐፍ ወደ ቤት የሚሰጠው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ባለፈው ዓርብ ደግሞ አብራኝ የምትቀመጠው ሚልካ ቀደመችኝ። ሰኞ «እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ነው» አለች። ስለ ምሳዋ እንኳን ከዚህ የበለጠ ታወራለች።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

መጽሐፉ የለም።

«ኮሚቴ ወስዶታል» አለችኝ ቲቸር እፀገነት፣ ቤተ መጻሕፍቱን የምትይዘው።
«ምን አጥፍቶ?»
ከንፈሯን ነከሰች። እሷ የምትስቀው እንደዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የሚልካ አያት ጋሽ መሸሻ ሽሮ ሜዳ የታወቁ ሸማኔ ናቸው፣ የወላጆች ተወካይም ናቸው። ትናንት ዳይሬክተሩ ጋ ገብተው «ያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ለልጆች አይሆንም» አሉ። በቃ። ለምን ሲባሉ «አንብቡት፣ ታገኙታላችሁ» ብለው ወጡ።

ዳይሬክተራችን አቶ ዘመንፈስቅዱስ ወዲያው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴ ማቋቋም ነፍሳቸው ነው። አምና የሽንት ቤቱ በር ሲሰበርም አቋቁመው ነበር። በሩ እስካሁን የለም፣ ኮሚቴው ግን አለ። የዚህኛው አባላት እሳቸው፣ ሱቅ ያላቸው እትዬ ዓለምነሽ፣ የሥነ ዜጋው ቲቸር ቶለሳና ራሳቸው ጋሽ መሸሻ ናቸው። መጽሐፉን ተራ በተራ አንብበው ኅዳር 11 ይወስናሉ።

ይወገድ ከተባለስ? በማግስቱ ኅዳር 12 ነው። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጋሽ ጉታም የመጋዘኑን አሮጌ ወረቀት ጓሮ አውጥተው ያቃጥላሉ። ኅዳር ሲታጠን እንጂ ወለላ ስትታጠን የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ??

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ክፍላችን በሙሉ ጥፋቱን እየፈለገ ነው። ወንዶቹ «መሳም አለበት» አሉ። አለበት፣ ገጽ 88። አክስቷ ግንባሯን ትስማታለች። ይሄ ከሆነ የእኛ ዘመዶች ለገና ሰብሰብ ሲሉ ፖሊስ ይጠራ።

ሌላስ? ስድብ? ስርቆት? ያነበብኩትን በሐሳቤ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ምንም።

ሚልካን ያዝኳት። «አያትሽ ምን ነክቷቸው ነው?»
«እኔ እንጃ።»
«አንቺስ አንብበሽው የለም እንዴ? የቱ ጋ ነው?»
«ሲና፣ በቃ ተዪኝ።»

እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። የተቀረጸ እርሳስ ነበር።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሐሳብ መጣልኝ። መጽሐፉን ማግኘት ካልቻልኩ ያነበቡትን መጠየቅ ነው። ኮሚቴው ማንበብ ሥራው አይደል?

ከዳይሬክተሩ ጀመርኩ። ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው።
«ጋሼ፣ ያንን መጽሐፍ አነበቡት?»
«ሁለት ጊዜ።» ከረቫታቸውን አስተካከሉ። «ጨርሼ ለወይዘሮ ዓለምነሽ አስተላልፌያለሁ።»
«ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»
«እ...» ወደ ጣሪያው አዩ። «ሰርተፊኬት ነው። የትምህርት ማስረጃ። ይኸውልሽ፣ እናቷ የትምህርትን ጥቅም ተረድታ...»

ወለላ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። እናቷም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እትዬ ዓለምነሽ ሱቅ። ሳሙና ልገዛ ገብቼ...
«እትዬ፣ መጽሐፉን ጨረሱት?»
«ውይ ልጄ፣ እሱን አታንሺብኝ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ለቲቸር ቶለሳ ሰጥቼው ተገላገልኩ።»
«ሳጥኑ ውስጥስ?»
«መርዝ ነዋ! ጠጥታ ሞተች። ከቤቷ የወጣች ልጅ ሌላ ምን ትሆናለች?» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ትንሽ ሰይጣን መጣብኝ። «ጀልባው ሲሰጥምስ አላሳዘነዎትም?»
«እሱማ! እሱማ አንጀቴን ነው የበላኝ።»

ጀልባ የለም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ውኃ የጀሪካን ብቻ ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ቲቸር ቶለሳ።
«ሲና፣ ጥያቄሽ ራሱ ስህተት ነው። ሳጥኑ ሳጥን አይደለም።»
«ምንድን ነው ታዲያ?»
«ማኅበረሰቡ ነው።»
«እሺ ቲቸር። ማኅበረሰቡ ተከፈተ?»
«ያ ለአንባቢው የተተወ ነው። እኔ ለጋሽ መሸሻ ትቼዋለሁ።»

ከሦስቱ ብልጡ እሳቸው ናቸው። ካላነበብክ «ለአንባቢው የተተወ ነው» በል። ለፈተና ይጠቅመኛል።

እንግዲህ ሦስት ሰው፣ ሦስት መጨረሻ። ሰርተፊኬት፣ መርዝ፣ ማኅበረሰብ። ማንም አልገለጠውም። ሳይገልጡትም ሊያስወግዱት ነው። አሁን መጽሐፉ ጋሽ መሸሻ ጋ አለ። እሳቸው ደግሞ የጀመሩት... እሳቸው ምን ይሉኝ ይሆን?

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ሚልካን «ነገ እናንተ ቤት እመጣለሁ» አልኳት። «ለምን?» አላለችም። ፈራሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ጋሽ መሸሻ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው እየሸመኑ ነበር። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። መጽሐፉ ከጎናቸው የጥበብ ክር ላይ ተቀምጧል። ሽፋን ስለሌለው የተላጠ ነገር ይመስላል።

«የደቻሳ ልጅ ነሽ አይደል? አባትሽ ጋቢ ያሠራኛል። ቁጭ በይ።»
አልተቀመጥኩም። «ጋሼ፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»
«አላውቅም።»

...በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰማሁ። ያኔ ተቀመጥኩ።

«አልጨረስኩትም» አሉ። «ይቺ ናት የምታነብልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው።» በአገጫቸው ወደ ሚልካ አመለከቱ። ሚልካ የተወጠረውን ድር ታያለች። «ደህና እያነበበች መጥታ መጥታ ዝም አለች። ከዚያ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለበጠች። ሰማኋት። የወረቀት ድምፅ ይጠፋኛል እንዴ? ምን ዘለልሽ አልኳት። ምንም አለች። አንብቢ አልኳት። አነበበች። በዚያ ድምፅ አንብባልኝ አታውቅም።»

ገጽ 97 ነው። ገለጥኩት።

የወለላ አከራይ ግቢ ውስጥ አንድ ሸማኔ ተከራይ አለ። ለወለላ ዳቦ ይቆርስላታል። አከራይዋ ትነጥቃትና «እሱ ፊት እንዳትበዪ፣ ሸማኔ አይደል? ዓይኑ ሰው ይበላል» ትላታለች። «የግቢው ሰው ሁሉ ሳቀ» ይላል መጽሐፉ። ቀጥሎ ዝናብ ይዘንባል።

አንብቤዋለሁ ይህን። እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሚልካ አጠገቤ ተቀምጣ። ዝናቡ ትዝ ይለኛል። ይሄኛው ትዝ አይለኝም። ጥፋቱን ስፈልግ እንኳን በላዩ ነው ያለፍኩት።

ገጹን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት።

«ለምን ለዳይሬክተሩ አልነገሯቸውም?»
«እኔ በአፌ ደግሜ ልንገራቸው?» መወርወሪያውን ያዙት፣ አልወረወሩትም። «ካነበቡት ያገኙታል ብዬ ነበር።»

ስለ ሦስቱ ነገርኳቸው። ሰርተፊኬት፣ መርዝ፣ ማኅበረሰብ... ጀልባው ላይ ስደርስ ሚልካ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ግን በአፍንጫቸው አንድ ነገር አሰሙ።

«ጋሼ፣ የቀረውን ላንብብልዎት?»
«አንቺ ለሳጥኑ ብለሽ ነው።»
«አዎ።»
«እኔም» አሉ።

እኔና ሚልካ እየተቀባበልን አነበብን። እሷ የወለላን፣ እኔ የሌላውን ሰው ሁሉ። ገጽ 144 ላይ ምን ሆነ? ቁልፉ ተሰበረ! ደራሲው እጄ ላይ ቢገባ...

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጨረስነው። ሳጥኑ የሚከፈተው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ጋሽ መሸሻ ክሩን ለቀው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለዚች ነው ያ ሁሉ?» አሉና፣ ክሩን መልሰው እያነሱ «እናት» አሉ።

ምን እንደነበር እዚህ አልጽፍም። ኤልሮኢ፣ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ያኛው ነገር ግን... እስከ መጨረሻ ጠበቅን። አከራይዋ አልተቀጣችም። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ሸማኔው ከገጽ 97 በኋላ ብቅ አላለም። «ሸማኔ ብሎ አምጥቶ አንድ መቀነት እንኳን ሳያሠራው» አሉ ጋሽ መሸሻ። ያናደዳቸው ይሄ ይመስለኛል፣ ከሌላው እኩል።

«ይቃጠል ነው የሚሉት?» አልኳቸው።
«ሂጂ አሁን፣ ይመሽብሻል።»

ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

እኔና ሚልካ ቢሮው መስኮት ሥር ቁጢጥ ብለናል። ጋሽ ጉታ አዩን። ከዚያ አበባ ማጠጣት ጀመሩ። እዚያ አበባ የለም።

ዳይሬክተሩ ስብሰባውን ከፈቱት። «ሁላችንም እንዳነበብነው መጽሐፉ ከሥነ ምግባር አንጻር...» እትዬ ዓለምነሽ «መርዙ ነው ክፉ» አሉ። ቲቸር ቶለሳ «በአጠቃላይ መልእክቱ» አሉ። ይወገድ፣ ይወገድ፣ ይወገድ።

«የቱ ገጽ ነው?» የጋሽ መሸሻ ድምፅ ነው። «እናንተን ያስቀየማችሁ የቱ ገጽ ነው?»

የተሰማው የጋሽ ጉታ ውኃ ብቻ።

«እኔን ያስቀየመኝ ይሄ ነው። ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ፣ ያንብቡልን እስቲ።»

ዳይሬክተሩ በሰልፍ ድምፃቸው ጀመሩ። መሐል ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ዓይኑ...» አሉና ቆሙ። ሚልካ እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ ረጅም ነው፣ ቻልኩት።

«ይጨርሱት።»
ጨረሱት።

«ይሄማ... ይሄማ አሁኑኑ ይቃጠል» አሉ እትዬ ዓለምነሽ። የእውነት ደንግጠዋል። «ልክ ነበሩ ጋሽ መሸሻ።»

«ባለፈው ሳምንት ቢሆን እሺ እል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨረስኩት። ታሪኩ ደህና ነው። ይቺ ቃል ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ብቻ ያለች መሰላችሁ? ሰፈራችን ወርዳችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ብታቃጥሉት እሷ አትቃጠልም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ያነባሉ፣ ማንም አይቆምባትም። እንግዲህ የሚያስቆም ነገር ይኑራት።»

ከኪሳቸው የሆነ ነገር አወጡ። አንገቴን ብዘረጋም አልታየኝም። ሚልካ ግን ሳታይ አወቀችው። «ሌሊት ሲሠራው የነበረው» አለች፣ ለራሷ።

ድምፅ ተሰጠ። ይቆይ። በሙሉ ድምፅ። ዳይሬክተሩ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚቴ እናቋቁም ብለው ነበር፣ ቲቸር ቶለሳ አስቀሩት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጢስ። ከእንጦጦ ሥር እስከ ታች ሰፈሩ አይታይም። ጋሽ ጉታ የድሮ የፈተና ወረቀት አቃጠሉ። የአምናው ሒሳብ ፈተናዬም አለበት። ተሰናበትኩት።

ሽፋን የለሹ መደርደሪያው ላይ ነው። ሄጄ አየሁት።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሽፋን የለሹን ለመውሰድ ወረፋ አለ። የእኛ ክፍል ብቻ አይደለም፣ አሥራ ሁለተኛዎቹም። ቲቸር እፀገነት ከንፈሯን እየነከሰች ስም ትጽፋለች። እትዬ ዓለምነሽም ተመዝግበዋል። ጀልባውን ይፈልጉ ይሆናል።

«ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» የሚለኝ በዛ። ለአንባቢው የተተወ ነው እላለሁ። ኤልሮኢ ትናንት እንድነግረው ብስኩቱን ሰጠኝ። ብስኩቱን በላሁ። አልነገርኩትም።

ገጽ 97 ላይ የጥለት ቁራጭ አለ። የጣት ስፋት፣ ቀይና አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ። ራሳቸው በመርፌ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ሰፍተውታል። መጽሐፉን ስትይዘው ጫፉ ከላይ ብቅ ይላል። ገጹን ሳትነካው ማለፍ አይቻልም።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ከአሥረኛዎቹ አንዱ ልጅ እዚያ ጋ ደረሰ። ጨርቁን ወደ ላይ አደረገ፣ ወደ ታች አደረገ፣ ሥሩ ያለውን አነበበ። ተመልሶ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ረስቶ ጮክ ብሎ፦

«ይሄን እዚህ ማነው የሰፋው?»

ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። ሚልካ ቀደመችኝ።

«አያቴ» አለች፣ እስከ ጋሽ ጉታ ደወል ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሸማኔ ነው።»