ያልተቀየረው የፍሬን ቱቦ

ኡዘይር፣

ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።
ልብስህን አላጠብኩትም።

ፍራሽህን ፀሐይ ላስመታው ሳነሳ አዲሶቹን የፍሬን ቱቦዎች ከሥሩ አገኘኋቸው። የታሸጉበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

የአባትህ ሞተር አርጅቷል፣ ቱቦው ውስጡ ተደፍኖ ፍሬኑ አልይዝ አለ ያልከኝ አንተው ነህ። ቆይተህ ደግሞ «እማዬ፣ ወላሂ ቀይሬዋለሁ» አልከኝ። ኢልያስ ሊገዛው ሲመጣም «እኔን ካላመንክ እናቴን ጠይቃት» አልከው። ጠየቀኝ። እኔም አላህን ጠርቼ መሰከርኩልህ። ቃሌን አምኖ ሳይሞክረው ወሰደ።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ሚስቱን አፈናጦ የቁስቋምን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። ብደውል ብደውል አያነሳም። እሱ ቤት በእግሬ እየሄድኩ ነው፤ ቱቦዎቹን ይዣቸዋለሁ።

ምነው ልጄ?
የምትዋሽበት አፍ አጥተህ ነው በኔ አፍ?

ተወው። መፍቻህን ይዘህ ቶሎ ና። ደጁ ላይ፣ እሱ እያየህ ትቀይረዋለህ። ለሱም ያደረግኸውን ራስህ ትነግረዋለህ፤ እኔ አልሸፍንልህም።

እስክትመጣ ማንም እንዳይነዳው ሞተሩ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ።
ስትደርስ ግን እንዳትምልልኝ።

እናትህ