ጢጥ የሚለው ጫማ

ነሐሴ 18፣ 2007
ዝናብ። ደባርቅ ጭቃ በጭቃ ሆናለች አሉ... እኔ የት አይቼው! ሱቄም እንደተዘጋ ነው። ጣይባ ሽንት ቤት ወስዳ መለሰችኝ። የወለድኳት ልጅ ደግፋ ስታስቀምጠኝ አፈርኩ። ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ግራ እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

ነሐሴ 24
ጎንደር ሄድን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ ያርጋል የሚሉት ልጅ፣ ጫማዬ ውስጥ ስስ ነገር አስገባልኝ። በግራ ተረከዜ አጥብቄ ስረግጥ ጢጥ ይላል።
"ዝም ካለ ወደ ቀኝ እያደሉ ነው ማለት ነው። ድምፁን እየሰሙ እግርዎን ያስለምዱት" አለኝ።
እዚያ የመለማመጃውን ብረት ይዤ ስራመድ ሁለቴ ጮኸልኝ። ጣይባ አጨበጨበች።

መስከረም 6
ዝም። ጧትም ዝም፣ ማታም ዝም። ጫማውን ረገምኩት። እሱ ምን አደረገ?

መስከረም 19
የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። ጣይባ ጅማ ደረሳት! የአገሩ ሌላ ጫፍ...
"አልሄድም እማ። አንቺ ሳትራመጂ ጥዬሽ የት እሄዳለሁ?" ሽንኩርት መክተፏን እንኳ አላቆመችም።
አባቷ ቢኖር... የለም። ያለሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ግማሼ።

መስከረም 27
ክፉ ነገር ሠራሁ። ክፉ ነው? ጣይባ ጓዳ ሳለች፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጫማውን አወለቅሁና በደህናው እጄ ተጫንኩት። ጢጥ... ጢጥ...
"እማ! እየተራመድሽ ነው?"
"አትግቢ! ታስደነግጪኛለሽ!"
ከበሩ ኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!
ማታ "ታዲያ ሽንት ቤት ለምን ብቻሽን አትሄጂም?" አለችኝ። ጭቃው ያንሸራትተኛል አልኳት።

ጥቅምት 8
ጎረቤቴ የትናየት ዘው ስትል ያዘችኝ። ጫማው ጭኔ ላይ፣ እጄ ጫማው ውስጥ።
"አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?"
"ልጄን እየሸኘሁ ነዋ።"
ልትቆጣ ነበር... እንባዋ ቀደማት። "በይ፣ ጧት ማታ እኔ እመጣልሻለሁ። ኃጢአቱን ግን እንካፈላለን። የእኔን ድርሻ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።"
ሳቅን። ከዚያ አለቀስን።

ጥቅምት 21
ጣይባ የጫማውን ድምፅ አምና ጅማ ሄደች። መርቄ ሸኘኋት። ቤቱ ጭር አለ።

ኅዳር 9
ዛሬ እንኳ የእውነት ልሞክር ብዬ አልጋውን ይዤ ቆምኩ። ጫማው ዝም። ወደቅሁ። የትናየት እስክትመጣ መሬት ላይ ነበርኩ።
ማታ ጣይባ ደወለች። "እማ፣ እስቲ ጫማሽን አሰሚኝ።" ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጫማውን ተጫንኩት።
"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ የካቲት ላይ ለእረፍት ስመጣ መናኸሪያ ድረስ መጥተሽ ትቀበይኛለሽ፣ አይደል?"
"ኢንሻአላህ" አልኳት።