የአባዬ ኤንትሬና ቀይ ሽቦዎቹ

እሑድ፣ ህዳር 1

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብስ አጠብኩ። ግማሹን ገመድ ላይ፣ ግማሹን እንደ ልማዳችን የአባዬ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬው ላይ አሰጣሁ። አባዬ ከሞተ አራት ዓመት... መኪናው ልብስ ማስጫ ሆኖ ቀረ።

ምሳ ላይ እማዬ ዱብ አደረገችው። "ለብረት ነጋዴ ሸጥኩት። ህዳር አሥራ አራት መጥቶ ቆራርጦ ይወስደዋል።"

ለምን? ስላት "በሩን በከፈትኩ ቁጥር መኪናው አለ፣ ባለቤቱ የለም። በቃኝ" አለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ "ካስነሳሽው ይቀመጥ። እስቲ አስተማሪዋን እናያለን!" አለች።

ረቡዕ፣ ህዳር 4

ከትምህርት ቤት መልስ ኮፈኑን ከፈትኩ። አይ አባዬ! ሽቦው ሁሉ ቀይ። ከድሬዳዋ አንድ ጥቅል ገዝቶ መኪናውን በሙሉ በሱ ዘረጋው። ጋራዥ አስነክቶት አያውቅም። እየነቀልኩ ጠረግኩት። እዚህም እዚያም በቅባት የጠቆረ ክር ተቋጥሮበታል፤ በምላጭ አንስቼ ጣልኩና አዲስ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ጽድት አለ!

ትንሽ ሳለሁ ብሎን ሊፈታ ከመኪናው ስር ተኝቶ "ሕይወት፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ!" ይለኝ ነበር። አሥራ አራት ብሰጠው እንኳ አይቆጣም። "ይቺም ጎበዝ ናት፣ ታናሿን ጥሪልኝ" ነበር የሚለኝ... እንዴት ናፈቀኝ።

እሑድ፣ ህዳር 8

ሁለት ባትሪ ተውሼ ገጠምኩ። ሞተር ማስነሻውን ስጫን ክላክሱ ጮኸ። ሽቦ ቀያየርኩ... ጭስ! ዘልዬ ባትሪውን ነቀልኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እኮ! ተማሪዎቼ ቢያዩኝስ?

እማዬ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጠች "ክላክሱማ ደህና ነው" አለች። አሽሟጣጭ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 10

ጋሽ በድሪ ከሂርና መጡ። አሥራ ስምንት ዓመት የአባዬ ረዳት ነበሩ፤ ደውዬ ለምኛቸው ነው። እጃቸውን ሽቦው ውስጥ ከተው ሲዳብሱ ቆዩ።

"ቋጠሮዎቹስ?"

"የቱ ቋጠሮ?"

"አቦ! ክሮቹ ናቸዋ!"

አንስቼ ጣልኳቸው... ስላቸው ራሳቸውን ያዙ። "ወላሂ አንቺ ልጅ! አንድ ቋጠሮ መብራት። ሁለት ክላክስ። ሦስት ሞተር ማስነሻ። ዳገት ላይ ተበላሽቶ ስንቴ በዳበሳ ጠገነው መሰለሽ! 'በጨለማ ቀለም አይታይም፣ ጣት ግን ያያል' ይል ነበር አባትሽ ገብሬ።"

የአባዬን የእጅ ጽሑፍ በምላጭ ፍቄ የጣልኩ መሰለኝ። አልዋሽም፣ እሳቸው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ተይ እንጂ። ሽቦው አለ አይደል? አንድ በአንድ እንከተለዋለን" አሉ።

ሐሙስ፣ ህዳር 12

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ተከተልን። እኔ ከስር፣ ጋሽ በድሪ ከላይ። "ይሄ ክላክስ ነው፣ ሁለት ቋጥሪ!" እያሉ... ክሩን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ጣቴ ቆስሏል፣ ይቁሰል።

አሥር ሰዓት ላይ ከናፍጣው መስመር አየር አስወጡና "በይ ጫኚ" አሉኝ። አጉረመረመ... ጠፋ። ደግሜ ጫንኩ። ተነሳ! ተነሳ! ግቢው ጭስ በጭስ ሆነ። ጋሽ በድሪ "አልሃምዱሊላህ!" ብለው ጮኹ።

እማዬ ከቤት ወጣች። ጆግ ውሃና ሳሙና ይዛ። አባዬ ከመንገድ ሲመለስ፣ ይሄን ድምፅ ስትሰማ፣ የቅባት እጁን ልታስታጥበው እንደዚሁ ነበር የምትወጣው... ደረጃው ላይ ቀጥ አለች። ጆጉን አየች። ባዶውን ጋቢና አየች። ጋሽ በድሪ አቀረቀሩ።

ደረጃውን ወረደች።

"ኑ፣ ታጠቡ" አለችን። እንባዋ እየወረደ አስታጠበችን። ሞተሩን ላጥፋው? ስላት "ተዪው፣ ትንሽ ይቆይ" አለች።

ቅዳሜ፣ ህዳር 14

የብረት ነጋዴው በጠዋት ከነመቁረጫው መጣ። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ አላስገባችውም።

"እማማ፣ ተስማምተን አልነበር እንዴ?"

"ተስማምተን ነበር" አለች። "ይቅር በለኝ ልጄ። የሞተ መስሎኝ ነው።"